የኒዋርክ ከተማና የስደተኞች ማቆያው ክርክር

በሰሜን አሜሪካ በሚገኙ አጥቢያዎቻችን የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና ያልተቋጨ ምእመናን ጥቂት አይደሉም። በዚህ ምክንያት በኒው ጀርሲ ግዛት በምትገኘው በኒዋርክ ከተማ የተነሣውን ክርክር በመጠኑ ልናብራራ ወደድን።

ዴላኒ ሆል የተባለው ሕንፃ የሚገኘው በከተማይቱ የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር ነው። የፌዴራሉ መንግሥት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት (አይስ) ሕንፃውን 1,000 አልጋ ያለው የስደተኞች ማቆያ ለማድረግ ጂኢኦ ግሩፕ ከተባለ የግል ኩባንያ ጋር የ15 ዓመት ውል መዋዋሉ በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ተነገረ። ከተማይቱም ኩባንያውን ከሰሰች።

ክሱን ከሩቅ የሰማ ሰው የተከራከሩት ስለ ስደተኞች መብት ይመስለዋል። ክሱ ያተኮረው ግን በሕንፃው ላይ ነበር፤ ከተማይቱ ኩባንያው የመገልገያ ፈቃድ ሳያወጣ፣ የእሳት አደጋ መከላከያው፣ ኤሌክትሪኩና የውኃ መስመሩ ሳይመረመር ሰው ሊያስገባ አይገባም አለች። ኩባንያው በበኩሉ የቀድሞው ፈቃዴ ይበቃኛል ሲል መለሰ። ማቆያውም በግንቦት ወር 2025 ሥራ ጀመረ።

ከተማይቱ ይህን ጠባብ መንገድ የመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ኢሚግሬሽን የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን ነው፤ ግዛትም ሆነ ከተማ ያንን ሥራ በቀጥታ ሊከለክል አይችልም። ለሁሉም እኩል የሚሠራ የሕንፃ ደንብ ግን የግል ኩባንያንም ሊመለከት ይችላል የሚል ክርክር አለ። ኒው ጀርሲ በ2021 እንዲህ ያለውን ውል የሚከለክል ሕግ አውጥታ ነበር፤ ነገር ግን በጎረቤት ከተማ በኤልዛቤት ባለው ማቆያ ጉዳይ የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2025 በሁለት ዳኞች ድምፅ ለአንድ ሕጉን ተቃወመው። በአንጻሩ በካንሳስ ግዛት የሌቨንወርዝ ከተማ፣ ኮርሲቪክ የተባለው ኩባንያ የቀድሞ እስር ቤቱን ያለ ልዩ የመሬት አጠቃቀም ፈቃድ እንዳይከፍት በሰኔ 2025 ከግዛቱ ፍርድ ቤት ጊዜያዊ እገዳ አግኝታለች። በእኛ አስተያየት ከትልቁ ሕግ ይልቅ የማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ለጊዜው የበለጠ ሠርቷል።

ግንቦት 9 ቀን 2025 ሦስት የምክር ቤት አባላት ማቆያውን ለመጎብኘት በመጡበት ዕለት የኒዋርክ ከንቲባ ራስ ባራካ በሕገ ወጥ መንገድ ገብተዋል ተብለው በበሩ ላይ ተያዙ። ከዐሥር ቀናት በኋላ ክሱ ተነሣ፤ በዚያው ወቅት ግን ከጎብኚዎቹ አንዷ በነበሩት በላሞኒካ ማክአይቨር ላይ ሌላ ክስ ቀረበባቸው።

ፍርድ ቤቶቹ እስኪጨርሱ ድረስ ውስጥ ያለው ሰው ይጠብቃል። የኢሚግሬሽን እስር የወንጀል ቅጣት ሳይሆን የአስተዳደር እስር ነው፤ በዚህም የተነሣ መንግሥት በአብዛኛው ጠበቃ አያቆምም። ቤተሰብ ራሱ መፈለግ ይኖርበታል። እስረኛው ወደ ሌላ ግዛት ሊዛወር ስለሚችልም መዘግየት ይጎዳል።

የታሰረውን ሰው በአይስ የኢንተርኔት መፈለጊያ ማግኘት ይቻላል፤ ዘጠኝ አኃዝ ያለው የኢሚግሬሽን ቁጥርና የትውልድ አገር ከተሞላ ይበቃል። ቁጥሩ ከሌለ በስም ይፈለጋል፤ በዚህ ጊዜ ግን ስሙ በመዝገቡ እንደ ተጻፈው ሆሄ በሆሄ መመሳሰል አለበት። እዚህ ላይ የእኛ ሰዎች ብዙ ይቸገራሉ። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ ብለው የሚጀምሩ ስሞች በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ ተነጥለው፣ አንድ ጊዜ ተጣምረው ይጻፋሉ፤ የአያት ስምም የቤተሰብ ስም ሆኖ የሚመዘገብበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የቁጥሩንና የፓስፖርቱን ቅጂ ከቤተሰብ አንዱ ዘንድ አስቀድሞ ማኖር ይገባል።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የታሰረን መጠየቅ እርሱን እንደ መጠየቅ እንደሚቆጥረው አስተምሮናል። የንስሐ አባት እስረኛውን ለመጎብኘት ሲፈልግ ክህነቱን የሚያስረዳ ደብዳቤና መታወቂያ ይዞ፣ የማቆያውን አስተዳደር ቀድሞ ማስፈቀድ ይኖርበታል።