በዶሎ ኦዶ ቆላ የዓሣ ገንዳን ውኃ አጣርቶ ስለ መጠቀም

ገናሌና ዳዋ በዶሎ ኦዶ አጠገብ ተገናኝተው ጁባ የተባለውን ታላቅ ወንዝ ያስገኛሉ። ስለዚህ አገሩ ደረቅና ሙቅ ቆላ ቢሆንም፥ በወንዙ ዳር ያለ ሰው ውኃ አጣሁ ሊል አይችልም። ነገር ግን ወንዙ ከደጋው ዝናም ደለል ጭኖ ይመጣል፤ ወደ ገንዳ ለማውጣትም ሞተርና ነዳጅ ይፈልጋል። እንግዲህ በገንዳ ዓሣ ለማርባት የሚያስብ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለውኃው ሳይሆን ለማመላለሱ ነው።

የገንዳ ውኃ የሚበላሽበት ምክንያት ይህ ነው። ዓሣ ከበላው ምግብ አሞኒያ የተባለውን መርዝ በመተንፈሻው በኩል ያወጣል፤ ኩሱና የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ ይኸንኑ ይጨምራል። መርዙ በዓይን አይታይም፤ ውኃው ሲሞቅም ኃይሉ ይበረታል። ከዚህም በላይ ሙቅ ውኃ ኦክሲጅን አጥብቆ አይዝም፤ በ20 ዲግሪ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል የሚይዘው ውኃ በ30 ዲግሪ ወደ 7 ተኩል ይወርዳል።

ከአማዞን ወንዝ አገር የተገኘውን፥ መልኩ እንደ ሰሐን ክብ የሆነውን ዲስከስ የተባለ ዓሣ ለጌጥ የሚያረቡ ሰዎች ይህን ችግር ጠንቅቀው ያውቁታል። ዲስከስ ሙቅ ውኃ ወዳድ፥ እድፍን ግን የማይታገሥ ስለሆነ፥ ብዙዎች ውኃውን በየቀኑ ይለውጡለታል። አንዳንዶቹ ግን ማጣሪያውን አሻሽለው የሚለወጠውን ውኃ ቀንሰዋል። ለዶሎ ኦዶ የሚጠቅመው ዘዴው ነው እንጂ ዓሣው አይደለም፤ ለምግብ የሚሆኑት ቆሮሶና አምባዛ ከዲስከስ ይልቅ ታጋሾች ናቸውና።

ማጣሪያ ሁለት ሥራ አለው። የመጀመሪያው ጭቃና ኩስን ማስቀረት ነው፤ ለዚህም ውኃው ዝግ ብሎ የሚያልፍበት የማዝቀጫ በርሜል ይበቃል። ሁለተኛው ግን ሕይወት ያለው ሥራ ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890 ገደማ እንዳስረዳው፥ ረቂቃን ተሐዋስያን አሞኒያን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ጕዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጣሉ። መኖሪያቸው የድንጋይ ገጽ ነውና፥ በሁለተኛው በርሜል ጠጠር ሞልቶ ውኃውን ከላይ ማንጠባጠብ ይገባል፤ ሲወርድ አየር ያገኛልና።

ተሐዋስያኑ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ በመጀመሪያ ጥቂት ዓሣ ብቻ ይገባል፤ ምግቡም በልክ ይሰጣል። ጠጠሩ ሲታጠብ በዚያው በገንዳው ውኃ ይታጠብ እንጂ ክሎሪን በገባበት ውኃ አይታጠብ፤ ተሐዋስያኑ ያልቃሉና። ሞተሩም ለረጅም ሰዓት ቢቆም በአየር እጦት ይሞታሉ።

ጥቅሙ በሒሳብ ሲታይ እንዲህ ነው። 10,000 ሊትር ከሚይዝ ገንዳ በየቀኑ ግማሹን የሚለውጥ ሰው በሳምንት 35,000 ሊትር ያመላልሳል፤ አንድ አሥረኛውን ብቻ የሚለውጥ ግን 7,000 ሊትር። ትርፉ 28,000 ሊትር፥ ማለት ባለ 200 ሊትር 140 በርሜል ነው።

ሆኖም ውኃ መለወጥ ፈጽሞ አይቀርም። ፀሐይ የምታተነው ንጹሑን ውኃ ብቻ ስለሆነ ጨውና ናይትሬት በገንዳው ይከማቻሉ፤ የጐደለውን መሙላትም እንደ መለወጥ አይቈጠርም። የሚወጣው ውኃ ለአትክልት ማዳበሪያ ይሆናልና ወደ ሽንኵርቱና ወደ ሙዙ ይመራ፤ ወደ ወንዙ አይመለስ። ከውጭ አገር የመጣ ዓሣም አምልጦ ወደ ጁባ እንዳይገባ፥ አስቀድሞ በሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል መጠየቅ ይገባል።

ገንዳ ለመጐብኘት የሚሄድ ሹም በውኃው ጥራት ብቻ እንዳይታለል ያስፈልጋል። የተወቀጠ የሺፈራው ፍሬ ደፍራሽ ውኃን ያጠራል፤ አሞኒያን ግን አያስወግድም። ስለዚህ ጠያቂው ጠጠሩ ስንት ሳምንት እንደ ሠራ፥ ሞተሩ ቢሰበር በምን እንደሚተካ፥ ዓሣውም ጧት ጧት ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይጐርሥ እንደ ሆነ ይመርምር። ለገንዘብ ድጋፍ ወይም ለሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ፊርማ ከዚህ በኋላ ይሁን።