አስፋልቱ ለማን ስንት ይድረስ?

አዲስ አበባ የእግረኛ ከተማ ናት። በከተማዋ በየቀኑ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። ከቀረው አብዛኛው በአውቶቡስ፣ በሚኒባስና በባቡር የሚሄድ ሲሆን በግል መኪና የሚጓዘው ከሁሉም ያንሳል። ታክሲ የሚሳፈረውም ቢሆን ከቤቱ እስከ ፌርማታው፣ ከፌርማታው እስከ ሥራው በእግሩ ነው። መንገድ ሲቀየስ ግን ለረጅም ዘመን መጀመሪያ የሚለካው የመኪናው ድርሻ ነበር፤ ለእግረኛው የሚደርሰው የተረፈው ነው። የዚህ አከፋፈል ዕዳ በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍልና በለቅሶ ድንኳን ሲከፈል ኖሯል። ባለፉት ዓመታት በከተማዋ የመኪና አደጋ በዓመት ከ400 በላይ ሰው ሲገድል ከሟቾቹ ከአሥሩ ስምንት ያህሉ እግረኞች ነበሩ።

ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር ጣት መቀሳሰር ይቀድማል። ሾፌሩ «እግረኛው ዘሎ ይገባል» ይላል፤ እግረኛው «ዜብራ የሚያከብር ሾፌር የለም» ይላል፤ ትራፊክ ፖሊሱ ሁለቱንም ይመክራል። ሁሉም የሚሉት እውነትነት አለው፤ ምክርም አይጠላም። ነገር ግን ሰው መንገድ ላይ የሚያደርገውን ከምክር ይልቅ የሚወስነው የመንገዱ አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ዜብራ ልብ ብለን እንይ። መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ሁለት ረድፍ መኪና ያስኬዳል። ጠዋት ነው። ሚኒባሱ ሰው ለመጫን ዜብራው አፍ ላይ ቆሟል፤ ረዳቱ ከበሩ ወርዶ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይጣራል። ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ሚኒባሱ ለእሷ የቆመላት መስሏት በፊቱ ታልፋለች። በሁለተኛው ረድፍ የሚመጣው ሾፌር የሚታየው የሚኒባሱ ጀርባ ብቻ ነው፤ እሷም እሱን አታየውም። የሚተያዩት በመካከላቸው ሁለትና ሦስት ሜትር ሲቀር ነው። ሚኒባሱ እዚያ መቆሙ ጥፋት ነው፤ ግን ሰው የሚጠብቀው እዚያው ነው፣ ሌላ መቆሚያም አልተሠራለትም። መፍትሔው ለመንገድ መሐንዲሶች እንግዳ አይደለም፤ ፌርማታውን ከዜብራው አሳልፎ ማስቀመጥ፣ የእግረኛውን ጠርዝ ወደ አስፋልቱ ገፋ አድርጎ ማቋረጫውን ማሳጠር፣ መሀል ላይ የሚታረፍበት ደሴት ማበጀት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለገሃር መስቀለኛው ላይ ይህ በቀለምና በቀላል ማገጃዎች ተሞክሮ ነበር። ለመኪና ብዙም የማያስፈልገው ስፍራ ለእግረኛ ተመልሶ የማቋረጫው ርዝመት አጠረ። ብዙ ገንዘብ የጠየቀም አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን ፍጥነት አለ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሾፌር ድንገት ሰው ቢገባበት፣ ለመደንገጫ አንድ ሰከንድ ብንሰጠው፣ በደረቅ አስፋልት 13 ሜትር ያህል ተጉዞ ይቆማል። በ50 የሚነዳው ግን በዚያች አንድ ሰከንድ ብቻ ወደ 14 ሜትር ይሄዳል። የመጀመሪያው መኪና ጸጥ ብሎ በቆመበት ቦታ ሁለተኛው ገና ፍሬን አልያዘም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እግረኛና ብስክሌት ከመኪና ጋር በሚደባለቁበት ቦታ ሁሉ የፍጥነት ወሰኑ ከ30 እንዳይበልጥ የሚመክረው ለዚህ ነው። ሰሌዳ መትከል ብቻውን ፍጥነት አይቀንስም፤ ሰፊና ቀጥ ያለ ጎዳና ሠርቶ ሾፌሩን በ30 ሂድ ማለት ከንቱ ድካም ነው። ጠበብ ያለ መስመርና ከፍ ብሎ የተሠራ ዜብራ ያለ ፖሊስም ይሠራሉ።

በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ የተሠራው የቀለበት መንገድ የተቃራኒው ማሳያ ነው። ለከተማዋ ብዙ ጠቅሟል፤ ነገር ግን ዕድር፣ ገበያና ቤተ ክርስቲያን የሚጋሩ ሰፈሮችን ሰንጥቆ ነው ያለፈው። ለእግረኛው የተሰጠው አልፎ አልፎ የቆመ መሻገሪያ ድልድይ ነው። ጀርባቸው ላይ ሸክም ያዘሉ እናት ድልድዩ ድረስ ሄደው፣ ደረጃውን ወጥተው፣ ወርደው፣ ወደ ነበሩበት ትይዩ መመለስ አለባቸው። ብዙ ሰው ከዚያ ይልቅ በመሀል አጥሩ ላይ መሻገርን ይመርጣል፤ ይህን አለመሠልጠን ብለን ማለፍ አይገባንም። በ2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም መሬት ለመሬት በሚሄድበት ቦታ ሁሉ ተመሳሳይ ግንብ ፈጥሯል፤ ከሀዲዱ ማዶ ያለውን ሱቅ እያዩ ለመድረስ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ የብዙዎች የዕለት ኑሮ ሆኗል።

ጠርዙም ቢሆን ለእግረኛ ብቻ የቀረበት ጊዜ የለም። ጉልት ያለው እዚያ ነው፤ ሊስትሮው፣ በቆሎ ጠባሿ፣ ልባሽ ጨርቅ ዘርግቶ የሚሸጠው ወጣትም እዚያው ናቸው። መኪና ይቆምበታል፣ አሸዋና ድንጋይ ይራገፍበታል፣ የቱቦ ክዳኑ ተነስቶ ጉድጓዱ አፉን ይከፍታል። ክረምት ሲገባ ዳር ዳሩን ውኃ ስለሚተኛበት እግረኛው ወደ አስፋልቱ ይገፋል። ከእነዚህ ሁሉ ሲባረር የሚታየው ደካማው ነው። ጉልቷን ማስነሳት ቀላል ነው፤ ጠርዝ ላይ የቆመውን ባለ ትልቅ መኪና ማስነሳት ግን ድፍረት ይጠይቃል። እኔ እስከማየው ድረስ ቦታው ሰፋ ብሎ ከተሠራ ሻጭና መንገደኛ ተጋርተው መኖር ይችላሉ፤ ምሽት ላይ ሰውና መብራት ያለበት ጠርዝ ጭር ካለው ይልቅ ለሴቶች ያስተማምናል።

ብስክሌት በአገራችን ታሪኩ የከተማውን መልክዓ ምድር ይከተላል። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ሳይክሉን እየነዳ በዘንባባዎቹ ጥላ ሥር ሲመላለስ የኖረባት ከተማ ነች። ሐዋሳም እንደዚያው። ባጃጅ ከመጣ በኋላ ግን ሳይክል እየሳሳ ሄደ፤ ባጃጁ የሚሄደው ሳይክሉ ይሄድበት በነበረው በመንገዱ ዳር ነውና። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ የተቀመጠች ባለ ዳገት ከተማ ናት። ዳገቱ ግን ሁሉም ሰፈር ውስጥ የለም፤ ከለቡ ወደ ጀሞ የተሞከረው የብስክሌት መስመር ሜዳማ ቦታ ተመርጦ የተሠራ ነው። ከ2016 ወዲህ የኮሪደር ልማቱ ባለፈባቸው ጎዳናዎች ሰፊ የእግረኛ መንገድና የተለየ የብስክሌት መስመር መጥቷል። ለውጡ በዓይን ይታያል፤ ሕፃናት ሳይክል ሲለማመዱ ማየት ደስ ያሰኛል። ለዚሁ ሲባል ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱ ቤተሰቦችስ? በእግር ሊደርሱበት ይችሉት የነበረው ሥራና ትምህርት ቤት አሁን ሁለትና ሦስት ታክሲ ሆኖባቸዋል። ይህም የእግረኛ ጉዳይ ነው፤ ተለይቶ ሊታይ አይገባም።

ሆላንድን ያየ ሰው ሕዝቡ ከጥንትም ብስክሌት ላይ የተወለደ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በዚያች ትንሽ አገር ከ3,000 በላይ ሰው በመኪና አደጋ ሞተ፤ ከ400 የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብለው አደባባይ ወጡ፤ በ1973 የነዳጅ ችግር ሲመጣ እሑድ እሑድ መኪና ቆመ፤ መንግሥትም ቀስ በቀስ የመንገድ አሠራሩን ለወጠ። በዚያው አገር ሐንስ ሞንደርማን የሚባል መሐንዲስ ከዚህ አልፎ መብራቱንም፣ ሰሌዳውንም፣ ጠርዙንም አንሱት አለ፤ ሰው ዓይን ለዓይን ተያይቶ ይተላለፍ። ድራክተን በምትባለው ከተማ አደባባይ ሠርቶ አሳየ፤ ተሳካለት። ሐሳቡ ወደ ብሪታንያ ሲሻገር ግን ዓይነ ስውራን ተቃወሙ። ዓይን ለዓይን መተያየት ለማያይ ሰው ምን ይፈይድለታል? በበትሩ የሚዳስሰው ጠርዝ ከጠፋ አስፋልቱ ከየት እንደሚጀምር በምን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2018 የብሪታንያ መንግሥት እንዲህ ያሉ ሥራዎች ለጊዜው እንዲቆሙ የአካባቢ አስተዳደሮችን ጠየቀ። እኔም ከዓይነ ስውራኑ ጎን ነኝ። ፍጥነት ዝቅ ባለበት ጠባብ የሰፈር ኮብልስቶን ላይ መደባለቅ ይቻላል፤ በዋና ጎዳና ላይ ግን መለየት ይሻላል።

የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ እሑድ እሑድ ዋና ጎዳናዎቿን ለመኪና ዘግታ ለሕዝብ ትከፍታለች። አዲስ አበባ በ2011 «መንገድ ለሰው» ብላ የጀመረችው ከዚሁ ጋር የሚዛመድ ነው።

አደጋ ሲደርስ ደግሞ ሕጋችን ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ለእግረኛው ያደላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ባያጠፋም እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። አደጋ የሚያመጣውን ከባድ ነገር ወደ ሕዝብ መሀል ያስገባው እሱ ነውና። የሦስተኛ ወገን መድንም ግዴታ ነው። ችግሩ ተጎጂው ይህን አለማወቁ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ በሽምግልና ለቀብር ማስፈጸሚያ የሚሆን ገንዘብ ተቀብሎ ይለያያል። የሰፈር ዕድሮች ይህን አንቀጽ ቢያነብቡትና ለአባሎቻቸው ቢያስረዱ ትልቅ ሥራ ሠሩ እላለሁ።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር እየመጣ ነው። ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በመከልከሉ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንደሩ በዝቷል። ለአየሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን መኪናው በዝግታ ሲሄድ ድምፅ የለውም፤ ከኋላው እየመጣበት ያለ ሽማግሌ፣ ኳስ እየተከተለ የሚሮጥ ሕፃን፣ በጆሮው የሚመራ ዓይነ ስውር አይሰሙትም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ወዲህ እያንዳንዱ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቅተኛ ፍጥነት ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ እንዲገጠምለት ያስገድዳል። እኛም ይህን መፈተሽ የሚቀለን መኪናው ጉምሩክ ላይ ቆሞ ሳለ ነው፤ ታርጋ ለጥፎ ወደየሰፈሩ ከገባ በኋላ አንድ በአንድ ጠርቶ ማስገጠም እጅግ ይከብዳል።