እውነት ወይስ ተረት? ዘውድ፣ ጎፈርና የገበያ ነቢያት

ባለፈው እሑድ ከእህቴ ልጅ ጋር ጠረጴዛ ከበን የአንድ ብር ሳንቲም ስንወረውር አረፈድን። ሳንቲሙ በአንድ ፊቱ አንበሳ፣ በሌላው ሚዛን ነው ያለው። ዘውዱ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ እኛ ግን ዛሬም «ዘውድ ወይስ ጎፈር» እንላለን። ጎፈር ሲወጣ በካሬ ደብተር ላይ መስመሩን አንድ ካሬ ወደ ላይ፣ ሚዛኑ ሲወጣ አንድ ካሬ ወደ ታች እናሰምራለን። መቶ ጊዜ ወረወርን። የፎሬክስ ቻርት ስልኩ ላይ ከፍቶ የሚያድረው ልጅ ሥዕሉን አይቶ ዝም ማለት አልቻለም። «ጋሼ፣ ይኸውልህ ጭንቅላቱ፣ ይኸው ግራና ቀኝ ትከሻው። ይሄ ሊወርድ ነው።»

ሳንቲሙን ሲወረውር የነበረው ራሱ ነው።

ብልሃቱ የእኔ አይደለም። የፕሪንስተኑ የኢኮኖሚ ምሁር በርተን ማልኪየል ተማሪዎቹን ሳንቲም አስወርውሮ ያሠራውን ቻርት ለአንድ ቻርት አንባቢ ወዳጁ ቢያሳየው፣ ሰውዬው የድርጅቱን ስም ንገረኝ፣ አሁኑኑ መግዛት አለብን ብሎት ነበር።

ተረት፦ ቻርቱ ላይ ቅርጽ ከታየ ገበያው መልእክት እየላከ ነው።

ዓይናችን አጋጣሚን አያውቀውም። አጋጣሚ ማለት አንዴ ዘውድ አንዴ ጎፈር እየተፈራረቀ የሚሄድ ይመስለናል። መቶ ጊዜ ስትወረውር ግን አንዱ ፊት ቢያንስ ስድስት ጊዜ በተከታታይ የመውጣት ዕድሉ ከመቶ ሰማንያ ገደማ ነው። ያ ተከታታይ ቻርት ላይ ሲሰመር «ትሬንድ» ይባላል። ፈረንሳዊው ሉዊ ባሽልዬ የዋጋ ለውጥን እንደ ዘፈቀደ ጉዞ የሚያሰላ የዶክትሬት ጽሑፉን ፓሪስ ላይ ያቀረበው በ1900 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)፤ አንስታይን በውኃ ላይ የሚንከራተቱ ብናኞችን በተመሳሳይ ሒሳብ ከማስላቱ አምስት ዓመት በፊት። በ1953 ደግሞ እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሞሪስ ኬንዳል የአክሲዮን፣ የስንዴና የጥጥ ዋጋዎችን መርምሮ ከትናንቱ ለውጥ የነገውን ማወቂያ መንገድ ማግኘት አቃተው።

ተረት፦ ዋጋ በዘፈቀደ ይሄዳል ማለት ያለ ምክንያት ይሄዳል ማለት ነው።

ይሄኛው ላይ ብዙ የተማረ ሰውም ይሰናከላል። መልሱ ያለው ዶሮ ተራ ነው። ለፋሲካ ዋዜማ ዶሮ እንደሚወደድ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። ታዲያ ሁላችንም ሁዳዴ ሲገባ በርካሽ ገዝተን ለምን ዋዜማውን አንሸጥም? ዶሮ ጥሬ ይበላል፣ ይታመማል፣ ግቢ ያቆሽሻል፣ ድመት ይወስደዋል። ይህ ሁሉ ወጪ ስለሆነ የዋጋው ልዩነት በየዓመቱ ሳይጠፋ ይኖራል፤ በየዓመቱም ይተነበያል። አክሲዮን ግን ጥሬ አይለቅምም። ነገ እንደሚወደድ በእርግጠኝነት የታወቀ አክሲዮን ካለ ሰው ዛሬውኑ ይሻማበታል፤ ዛሬውኑ ይወደዳል። ለነገ የሚተርፈው ማንም ያልጠበቀው ወሬ ብቻ ነው። ያልተጠበቀ ወሬ ደግሞ ወደ የት እንደሚገፋ አስቀድሞ አይታወቅም። የኢኮኖሚ ምሁሩ ፖል ሳሙኤልሰን ይህንኑ በ1965 በሒሳብ አስቀምጦታል (ዶሮውን አልጠቀሰም)።

በሐምሌ 2021 የብራዚልን የቡና ማሳ ውርጭ ሲመታው የኒውዮርክ የቡና ዋጋ ተተኮሰ። ቡና የሚልክ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ዓይኑ ከዚያ ዋጋ ላይ አይነቀልምና ጉዳዩን ያውቀዋል። ምክንያቱ ከውርጭ የበለጠ ግልጽ አይሆንም። ግን የማግሥቱ ዋጋ ከዋዜማው ዋጋ ውስጥ አልነበረም፤ ከውርጩ ውስጥ ነበር።

ተረት፦ ሲግናል ሰጪው አምስት ጊዜ በተከታታይ አልሳተም፤ ስለዚህ ያውቃል።

እስቲ እኔ ልሁን ሲግናል ሰጪው፣ ግዙ ሽጡ እያልኩ የምመክረው። ቴሌግራም ላይ 3,200 ሰው አለኝ እንበል። ለግማሹ «ወርቅ በዚህ ሳምንት ይወጣል»፣ ለግማሹ «ይወርዳል» ብዬ እልካለሁ። ሳምንቱ ሲያልቅ የሳትኩባቸውን 1,600 ሰዎች እረሳቸዋለሁ፤ የቀሩትን ደግሞ ለሁለት እከፍላለሁ። 800፣ 400፣ 200፣ በአምስተኛው ሳምንት 100። እነዚህ መቶ ሰዎች አምስት ጊዜ ስናገር አምስቴም ሲሆን አይተዋል። የቪአይፒ ቻናሉ ክፍያ የሚጠየቀው ስድስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ስለ ወርቅ አንዲት ነገር ማወቅ አላስፈለገኝም።

ማንም ሆን ብሎ ባያታልል እንኳ ውጤቱ ያው ነው። ሺህ ሰው ቻናል ከከፈተ ሠላሳ ያህሉ በአጋጣሚ ብቻ አምስት ጊዜ ይመታሉ፤ የምናያቸው እነሱን ነው። የቀሩት ቻናላቸውን ዘግተው ሌላ ሥራ ፈልገዋል።

ተረት፦ ገበያ ኬዮስ ነው፤ ኬዮስ ስውር ሕግ ስላለው ሕጉን ያገኘ ሰው ይበላል።

ግማሹ እውነት ነው፤ አደገኛ የሚያደርገውም እሱ ነው። በ1961 የሜትሮሎጂ ሊቁ ኤድዋርድ ሎሬንዝ ኤምአይቲ ውስጥ በኮምፒውተር የአየር ጠባይ ሲያሰላ 0.506127 የሚለውን ቁጥር 0.506 ብሎ አስገባና ቡና ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ ኮምፒውተሩ ፈጽሞ ሌላ የአየር ጠባይ አውጥቶ ጠበቀው። ስሌቱ ውስጥ ቅንጣት አጋጣሚ አልነበረም፤ ኬዮስ የሚባለው ይህ ነው። ሕጉን ጠንቅቆ የሚያውቀው፣ የጻፈውም ሰው እንኳ ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ በማጉደሉ ብቻ ሩቁን ማየት ተሳነው። እንግዲህ ኬዮስ ለጀማሪ ነጋዴ ተስፋ የሚሰጠው በምኑ ነው?

ደግሞም ደመና ትንበያ አያዳምጥም። ነገ ይዘንባል ቢባል አይሰማም፣ ሐሳቡን አይቀይርም። ገበያ ግን የሚያዳምጡ ሰዎች ክምችት ነው፤ «ነገ ይወጣል» የሚለው የታመነ ትንበያ ዛሬን ይቀይርና ራሱን ያፈርሳል። በ1980ዎቹና 90ዎቹ ተመራማሪዎች የዋጋ መዝገብ ውስጥ የሎሬንዝን ዓይነት ቀላል ሕግ አጥብቀው ፈልገው አሳማኝ ማስረጃ አላገኙም።

ሊቅነትም ዋስትና አልሆነም። ማይረን ሾልስና ሮበርት ሜርተን በ1997 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሲሸለሙ ኤልቲሲኤም የተባለ የኢንቨስትመንት ፈንድ ሸሪኮች ነበሩ። በነሐሴ 1998 ሩሲያ ዕዳዬን አልከፍልም ስትል ፈንዱ ይንኮታኮት ጀመር፤ መስከረም ላይ 14 ባንኮችና የፋይናንስ ተቋማት 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው ተረከቡት። «ጂም ሲሞንስስ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው፣ የሒሳብ ሊቁ ሲሞንስ ያቋቋመው ሜዳሊዮን ፈንድ ለአሥርተ ዓመታት አትርፏል። ግን እያንዳንዱ ግብይት ላይ የነበረው ብልጫ ኢምንት ነበር፤ እሱን ሚሊዮን ጊዜ የደጋገሙት በብዙ ኮምፒውተርና በብዙ የሒሳብ ዶክተሮች ነው። በሩም ለውጭ ሰው ዝግ ነው።

ተረት፦ እንግዲያው ምንም ነገር አይተነበይም።

ይተነበያል፤ አቅጣጫው ሳይሆን የንቅናቄው ስፋት። የሒሳብ ሊቁ ቤኖዋ ማንደልብሮ በ1963 የጥጥን ዋጋ ሲመረምር ሁለት ነገር አስተዋለ፤ ትልልቅ ለውጦች ከሚገመተው በላይ ይበዛሉ፣ ደግሞም ትልቁን ትልቅ ይከተለዋል። ኮሮና የገባ ሰሞን የአሜሪካውን ዳው ጆንስ እንይ። መጋቢት 12 ቀን 2020 በ10 በመቶ ገደማ ወረደ፣ በማግሥቱ በ9.4 በመቶ ወጣ፣ ከቅዳሜና እሑድ በኋላ ሰኞ በ12.9 በመቶ ወረደ። ሐሙስ ማታ «ነገም ገበያው በኃይል ይናወጣል» ያለ ሰው ትክክል ነበር። «ነገም ይወርዳል» ብሎ ገንዘቡን ያስያዘ ግን ተበላ።

የእህቴ ልጅ በ1 ለ100 ሌቨሬጅ ነው የሚነግደው። ዋጋው 1 በመቶ ከተቃራኒው አቅጣጫ ከመጣበት ያስያዘው ገንዘብ በሙሉ ይሄዳል፤ በኋላ ዋጋው ወደ ፈለገበት ቢዞርም እሱ ገበያው ውስጥ የለም። የአውሮፓ ኅብረት የገበያ ተቆጣጣሪ በ2018 ይፋ እንዳደረገው እንዲህ ባለ የሌቨሬጅ ውል ከሚገበያዩ የተራ ደንበኞች ሒሳቦች ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑት ይከስሩ ነበር። ቁጥሩን ነገርኩት። እሱ ግን አሁንም ደብተሩ ላይ እንዳፈጠጠ ነው።

«እሺ፣ ይወርዳል ካልክ እንቀጥል» አልኩት። አሥር ጊዜ ጨመርን። ሰባት ጎፈር፣ ሦስት ሚዛን፤ መስመሩ አራት ካሬ ወደ ላይ ወጣ። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ በእርሳሱ ጫፍ የወጣውን መስመር እየነካካ፣ «ፌክ ብሬክአውት ነው ጋሼ፤ አሁን ነው የሚወርደው» ብሎ ሳንቲሙን አነሳ።