ታወሩን ተዉት፣ ስልኩን ፈትሹት

ሞያሌ ከተማ ላይ ደህና የነበረ ስልክ ወደ ጎልቦ ሜዳ ሲወርዱ «አገልግሎት የለም» ካለ ጥፋተኛው ቶሎ ይገኛል፤ የድንበር ማዶው ታወር ነው። «ሬሲቨሩን አቃጠለው» ይባላል። ወሬው ከሻይ ቤት ወደ ጥገና ቤት ይሻገራል፤ ባለስልኩም ላልተቃጠለ ዕቃ ከፍሎ ይወጣል።

ቁጥር ይፍረድ። ስልክ ጋ የሚደርሰው፣ ጠንካራ የምንለው ሲግናል እንኳ የአንድ ዋት ቢሊዮንኛ ያህል ነው። ስልኩ ራሱ ግን በ4ጂ እስከ 0.2 ዋት፣ በ2ጂ እስከ 2 ዋት ያወጣል። የሚያቃጥል ቢኖር ማዶ ሳይሆን ኪስ ውስጥ ነበር።

ድንበሩ የሚያመጣው ጣጣ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ታወር የአገሩን ኮድ ያሰራጫል፤ የኢትዮጵያ 636፣ የኬንያ 639 ነው። ስልኩ የራሱን ኔትወርክ ሲያጣ የማዶውን ይሞክራል፤ ሮሚንግ ካልተፈቀደለት የአደጋ ጥሪ ብቻ ይቀረዋል። ይህ ደንብ እንጂ ብልሽት አይደለም።

ብልሽት ከተባለ ከአንቴናው ቀጥሎ ያለውን ማጣሪያ እንይ። አብዛኛው 4ጂ እየተናገረ በዚያው ቅጽበት ይሰማል። ሲግናሉ ሲደክም የሚልከው ኃይል ከሚቀበለው በ20 ትሪሊዮን እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፤ ከበሮ እየመቱ የማዶ ሹክሹክታ እንደ ማዳመጥ ነው። ሁለቱን የምትለየው አንዲት ደቃቅ ክሪስታል ናት። ሲግናሉ እዚያ ሲገባ በክሪስታሏ ገጽ ላይ ወደሚሄድ ንዝረት ይለወጣል። አየር ላይ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይበር የነበረው አሁን 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ ከ33 ሴንቲ ሜትር ወደ 4 ማይክሮሜትር ገደማ ያጥራል። በገጹ ላይ የተሰለፉት የብረት ጥርሶች ለዚያ ልክ የተሠሩ ናቸው፤ ልኩ የገጠመው ያልፋል፣ ሌላው እርስ በርሱ ይጣፋል።

ጎልቦን የሚመለከተው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በተለምዶ እያንዳንዱ ባንድ የራሱ መስመርና ማጣሪያ አለው። 800 እና 900 ሜጋኸርዝ ሩቅ ይደርሳሉ፤ 1800 እና 2100 ቶሎ ይደክማሉ። ወድቆ የዝቅተኛው ባንድ ብየዳ የተሰነጠቀበት ስልክ ከተማ ውስጥ በከፍተኛው ይሠራል፣ ሜዳው ላይ ይደነቁራል። ታወሩ የተወነጀለው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ፍተሻው ገንዘብ አይጠይቅም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አውቶማቲክ የሚለውን አጥፉና ኔትወርክ አስፈልጉ። ድንበሩ አጠገብ የሁለቱም አገር ስሞች፣ ሳፋሪኮም፣ ኤርቴል፣ ኢትዮ ቴሌኮም፣ ሊደረደሩ ይገባል። ስሞቹ መጥተው የራሳችሁ ኔትወርክ እምቢ ካለ ስልኩ ይሰማል፤ ሲሙን፣ የቀፎውን መታገድ ወይም ላኪውን ጠርጥሩ። ጎናችሁ ያለው ስልክ እያገኘ የእናንተ ባዶ ከሆነ ተቀባዩ መስመር ታሟል። ያኔም መጀመሪያ የሚታየው ከአንቴናው ጋር የሚነካካው ወርቅ ቅብ ስፕሪንግ ነው፤ ተጣሞ ወይም ዝጎ ከሆነ ማቅናትና በአልኮል መጥረግ ይበቃ ይሆናል።

ፍተሻው ሁሉን አያይም። በከፊል የደነቆረ ሬሲቨር ቅርብ ታወርን ይዘረዝራል፤ የአንቴና ስዊች ከተበላሸ ደግሞ መላኩም መቀበሉም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከታወር ራቅ ብላችሁ፣ ከደህና ስልክ ጎን ፈትሹ፤ ስትጨርሱ ወደ አውቶማቲክ መልሱት፣ ብዙ «የሞተ» ስልክ አውቶማቲኩ እንደጠፋ የተረሳ ነውና። ይህን ሳያይ ቦርዱ ላይ ሙቅ አየር ለመልቀቅ የሚቸኩል ጠጋኝ ካጋጠማችሁ ስልካችሁን ተቀበሉት።