ዓይንና ምላስ የውኃ ዳኞች አይደሉም

አንድ ሰው የሚጠጣ ውኃ ሲቀርብለት አስቀድሞ ወደ ብርጭቆው ይመለከታል፤ ኩልል ብሎ ከታየውም ያለ ሥጋት ይጠጣዋል። የደፈረሰ ውኃን መጠየፍ መልካም ልማድ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ጥሩ መስሎ የታየውን ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ መጠጣት በብዙ ቤት ሐዘን ያስገባ ስሕተት ስለ ሆነ፣ በዚህ ወር ስለዚሁ ጉዳይ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ ወደድን።

እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ ሶሆ በሚባለው ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ600 በላይ ሰዎችን ፈጀ። የዚያ ዘመን ሐኪሞች አብዛኞቹ በሽታው ከክፉ ሽታ ይመጣል ይሉ ነበር። ዶክተር ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ግን ሟቾቹ ከየት ይጠጡ እንደ ነበር በየቤቱ እየዞረ ቢጠይቅ፣ ከሞቱት የሚበዙት በብሮድ ስትሪት መንገድ ላይ ካለው የጉድጓድ ውኃ መሳቢያ የሚቀዱ ሆነው አገኛቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የአንዲት መበለት ነገር ነው። ይህች ሴት ከሶሆ ርቃ ሃምፕስቴድ በሚባል ስፍራ ስትኖር፣ የዚያን ጉድጓድ ውኃ ጣዕም ከመውደዷ የተነሣ በየቀኑ እያስመጣች ትጠጣ ነበር። በአካባቢዋ ኮሌራ የያዘው ሰው ሳይኖር፣ እርሷና ልትጠይቃት መጥታ ከዚያው ውኃ የጠጣች ዘመዷ ሁለቱም በበሽታው ሞቱ።

በኋላ ጉድጓዱ ሲመረመር፣ በተቅማጥ የታመመች ሕፃን ጨርቅ የታጠበበት እጣቢ ይደፋበት የነበረው የቆሻሻ ጉድጓድ ከአንድ ሜትር ባልበለጠ ርቀት አጠገቡ ተገኘ። ኮሌራ በአገራችንም የታወቀ ነው፤ እርሱ ባይኖር እንኳ የአንጀት ተስቦ፣ አሜባና የሕፃናት ተቅማጥ በዚሁ መንገድ ይመጣሉ። ይኸውም ከሰው ዓይነ ምድር የወጣው ተሐዋሲ በውኃ አማካይነት ወደ ሌላ ሰው አፍ መግባቱ ነው። ተሐዋሲው እጅግ ረቂቅ ስለ ሆነ ዓይን አያየውም፤ ምላስም አይለየውም።

ስለዚህ ውኃውን በመልኩ ሳይሆን በመጣበት መንገድ መመርመር ይገባል። መጸዳጃ ቤት ከጉድጓድ ወይም ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ በቁልቁለቱ በኩል ይቆፈር። ይህን ብዙዎች ያውቁታል። የሚዘነጋው ግን የቤቱ ነገር ነው። ከቧንቧ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳው ውኃ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ይቀመጥና፣ መሬት ላይ የነበረው ጣሳ ከነጣት ይነከርበታል፤ ያን ጊዜ የቧንቧው ንጽሕና ከንቱ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ረገድ የእናቶቻችን እንስራ ከዛሬው ባልዲ ይሻል ነበር እንላለን፤ አንገቱ ጠባብ ስለ ሆነ እጅ ሳይገባበት ጎንበስ አድርጎ መቅዳት ይቻላልና። ክዳን ያለው ጀሪካን ውስጡ ዘወትር ከታጠበ ይህንኑ አገልግሎት ይሰጣል።

ውኃው የሚያጠራጥር ከሆነ ይፍላ። በደጋ አገር ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ስፍራ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ከዚያም በዚያው ዕቃ እንደ ተከደነ ይቀዝቅዝ። የፈላውን ውኃ ወዳልታጠበ ማሰሮ መገልበጥ ማገዶን ማባከን ነው።

ሕፃን በተቅማጥ ሲያዝ «ይብስበታል» እያሉ መጠጥ መከልከል አይገባም፤ ሕፃናትን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ የሰውነታቸው ፈሳሽ ማለቅ ነውና። ከጤና ጣቢያ የሚገኘውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለትም ኦ.አር.ኤስ.፣ በከረጢቱ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውኃ በጥብጦ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት፣ ጡትንም አለማቋረጥ ያስፈልጋል። ዓይኑ የጎደጎደ፣ የዛለ ወይም መጠጣት ያቃተው ልጅ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።