አጥቢያ ኮከብ፦ የአንድ ጥንታዊ ስም ታሪክ

ከፀሐይ አስቀድሞ በምሥራቅ የሚወጣውን ብሩህ ኮከብ አባቶቻችን «አጥቢያ ኮከብ» ብለው ሰይመውታል። የስሙ ምንጭ «ጠባ» የሚለው ግሥ ሲሆን፣ ይኸውም ከግእዙ «ጸብሐ» ጋር አንድ ነው። «መስከረም ጠባ» ስንል የምንናገረው ይህንኑ ቃል ነው። በግእዝም «ኮከበ ጽባሕ» ይባላል። እንግዲህ ትርጉሙ ንጋትን የሚያበሥር ማለት ነው።

የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ቬነስ የሚሉት ይኸው አካል ፕላኔት ነው። ወደ 584 ቀናት በሚፈጀው ዑደቱ አንድ ወቅት ማለዳ፣ ሌላ ወቅት ምሽት ስለሚታይ፣ የጥንት ግሪኮች ሁለት ስም አውጥተውለት ነበር፤ የማለዳውን «ፎስፎሮስ»፣ የምሽቱን «ሄስፔሮስ» አሉት። ፎስፎሮስ ብርሃን አምጪ ማለት ሲሆን፣ ሮማውያን በቋንቋቸው «ሉሲፈር» ብለውታል።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 14 ቁጥር 12 የባቢሎንን ንጉሥ ትዕቢትና ውድቀት ሲናገር በዕብራይስጥ «ሄሌል» ብሎታል፤ የሚያበራ እንደ ማለት ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጄሮም ይህን በላቲን «ሉሲፈር» ብሎ ተረጐመው፤ በአማርኛውም «አጥቢያ ኮከብ» ተባለ። መምህራን ቃሉን ስለ ሰይጣን አወዳደቅ ስለተረጐሙትም ሉሲፈር በምዕራቡ ዓለም የዲያብሎስ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ሆኖም በዚያው መቶ ዘመን በሰርዲንያ የካልያሪ ጳጳስ የነበሩት አባት ሉሲፈር ይባሉ ነበር፤ ስሙ ገና ነውር አልነበረበትምና።

ታዲያ ይህ ስም የጠላት ርስት ነውን? አይደለም። ቅዱስ ጴጥሮስ በ2ኛ መልእክቱ 1፥19 የንጋት ኮከብ በምእመናን ልብ እንደሚወጣ ጽፏል፤ በዮሐንስ ራእይ 22፥16 ደግሞ ጌታችን ራሱን በዚህ ስም ጠርቷል። ቬነስ የሚያበራው ከፀሐይ በተቀበለው ብርሃን ነው። የባቢሎን ንጉሥ ግን የተቀበለውን ክብር የራሱ አድርጎ ቈጠረው፤ የወደቀውም በዚሁ ነው።

ሰብአ ሰገልን የመራው ኮከብ ግን ከዚህ ይለያል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜው እንዳስተማረው፣ በቀን የበራ፣ ሕፃኑም ባለበት ስፍራ የቆመ በመሆኑ ከተለመዱት ከዋክብት ወገን አልነበረም። አጥቢያ ኮከብ የሚነግረን የፀሐይን መምጣት ነው፤ ያ ኮከብ ግን የጽድቅ ፀሐይ መወለዱን አበሠረ።

መልካም የልደት በዓል!