ዳገቱ ነው ወይስ ቁልቁለቱ? እግር ለደከመው የጌዴኦ ጎብኚ

የጌዴኦን ትክል ድንጋዮች ያቆሙት ሰዎች ጉልበቱን የሚያመው ጎብኚ ይመጣል ብለው አላሰቡም። ቱቱ ፈላ፣ ጨልባ ቱቱቲና ሌሎቹም የትክል ድንጋይ ስፍራዎች በኮረብታ ጀርባ ላይ ናቸው። ከዲላ ወደ ደቡብ የሚወስደውን አስፋልት ለቅቆ፣ በእንሰትና በቡና መሀል በምታልፍ ቀጭን የእግር መንገድ መውጣት ግድ ነው። ከዲላ ከተማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ሻፔ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የከብት ቅርጾቹ የተፈለፈሉት በወንዝ ሸለቆ ውስጥ ባለ የድንጋይ ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ ጎብኚው ቁልቁል ወርዶ ያያቸውና ዳገቱ ለመመለሻ ይተርፈዋል። አንዱ ስፍራ መጀመሪያ ያስወጣል፣ ሌላው መጀመሪያ ያስወርዳል።

ጤነኛ ሰው ይህን ልዩነት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። መራመድ ለሚቸግረው ሰው ግን የጉብኝቱ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ሪያድ ላይ በተካሄደው 45ኛው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባኤ በዩኔስኮ ከተመዘገበ በኋላ፣ ወላጆቹን ይዞ ሊያየው የሚነሳ ልጅ አይጠፋም። ከመኪና ሲወርዱ የሚመጣው ጥያቄም የታወቀ ነው፤ «እማዬ፣ ትችያለሽ?» እናት «ሩቅ ነው እንዴ?» ብላ ትመልሳለች፤ አስጎብኚው ፈጥኖ «ኧረ እዚችው ናት እማማ!» ይላል። በአገራችን «እዚችው ናት» የማትሸፍነው ርቀት የለም። ቢሆንም ስህተቱ የአስጎብኚው ብቻ አይደለም፤ መጠየቅ የነበረበት ከርቀቱ በፊት ተዳፋቱ ነው። «እግሬ አይችልም» የሚሉ ሁለት ሰዎች ፍጹም የተለያየ ነገር አቅቷቸው ሊሆን ይችላል፤ አንዱን የሚጥለው ዳገት ሌላውን ላይነካው፣ አንዱ እየዘፈነ የሚወርደው ቁልቁለት ሌላውን ሊያስለቅሰው ይችላል።

ዳገት ከሁሉ በፊት የልብና የሳንባ ፈተና ነው። አልቤርቶ ሚኔቲ የተባለው ጣሊያናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በተለያየ ተዳፋት ላይ ሲራመዱ በየሜትሩ የሚያወጡትን ጉልበት ለክተዋል። በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ዝቅ በሚል ለስላሳ ቁልቁለት መሄድ ሜዳ ላይ ከመሄድ ግማሽ ያህል ብቻ ይጠይቃል። በየ10 ሜትሩ 4 ሜትር ተኩል ከፍ የሚል ዳገት ግን ከሜዳው አሥር እጥፍ ያህል ያስወጣል። ይህን ጉልበት ለማግኘት ጡንቻ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ኦክስጅኑን ሳንባ ያስገባል፣ ደም ይሸከማል፣ ልብ ይገፋል። ከእነዚህ አንዱ የላላበት ሰው፣ ማለትም ልቡ የደከመ፣ አስም ያለበት ወይም ደሙ ያነሰ ሰው፣ እግሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዳገት ላይ ይቆማል። የእግር ደም ሥሩ የጠበበበትም ከዚሁ ወገን ነው፤ በተለይ ለብዙ ዓመት ሲጋራ ያጨሱና የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ይህ ያጋጥማቸዋል። የተወሰነ መንገድ ከሄዱ በኋላ ባታቸው ይጨመደዳል፤ ጥቂት ደቂቃ ባሉበት ሲቆሙ ይለቃቸዋል፤ ሲነሱ ይመለሳል። ዳገት ሲሆን ደግሞ ሕመሙ ቀድሞ ይመጣል።

ቁልቁለት የመገጣጠሚያ ፈተና ነው። በርሊን ውስጥ ተመራማሪዎች መለኪያ የተገጠመላቸው ሰው ሠራሽ ጉልበቶች በሕመምተኞች ላይ ተክለው በውስጣቸው የሚያርፈውን ጫና በቀጥታ አንብበዋል። ሜዳ ላይ ስንራመድ ጉልበታችን የሚሸከመው የሰውነታችንን ክብደት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ነው፤ ደረጃ ስንወርድ ሦስት ተኩል እጥፍ ይደርሳል። ደረጃ መውጣት እንኳ ከመውረዱ ያነሰ ጫና አለው። ምክንያቱ ወደ ታች ስንሄድ የጭናችን የፊት ጡንቻ እንደ ፍሬን መሥራቱ ነው፤ እየተለጠጠ ሰውነታችንን ይይዛል፣ ሲይዝም የጉልበትን አጥንቶች እርስ በርስ ያጣብቃል። የጉልበቱ ልም አጥንት ያለቀበት ሰው ወጥቶ ሲያበቃ «ደህና ነኝ» ብሎ፣ ሲወርድ የሚያነክሰው ለዚህ ነው። ጡንቻውም እየተለጠጠ መሥራቱ ለራሱ ጉዳት ስለሚያደርስ፣ ያልለመደ ሰው ቁልቁለት በወረደ በማግስቱና በሠልስቱ ጭኑ ይታመማል። ቁልቁለት ትንፋሽ ስለማያስቆርጥ ደግሞ ተጓዡ እየተጎዳ መሆኑን በሰዓቱ አያውቅም።

ሦስተኛ ወገን አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው። በዕድሜ ብዛት የጀርባ አጥንቱ ቧንቧ ጠብቦ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ የሚጫነው ሰው ቀጥ ብሎ ሲሄድ እግሩ ይደነዝዛል፣ ይዝላል። ወደ ፊት ጎንበስ ሲል ቧንቧው ትንሽ ይሰፋና ፋታ ያገኛል። ዳገት ሲወጣ ጎንበስ ስለሚል ይሻለዋል፤ ቁልቁለት ወደ ኋላ ስለሚያለጥጠው ይብስበታል። ይህን ሰው «ትንሽ ቁም፣ ይለፍልህ» ማለት አይጠቅመውም፤ መቀመጥ አለበት። የደም ሥሩ የጠበበበት ሰው ግን ቆሞም ያርፋል። ስለዚህ ለአንዱ አባት ከዘራ የሚበቃቸው ሲሆን፣ ለሌላው ዱካ ተሸክሞ የሚከተል ልጅ ያስፈልጋቸዋል።

ይህን የለየ ቤተሰብ ስፍራውን መምረጥ ይችላል። ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ወደ ሻፔ ሸለቆ ባይወርድ ይሻላል፤ አወራረዱ ቀላል ሆኖ ያታልለዋል፣ ዳገቱ የሚመጣው ከደከመ በኋላ ነው። ወደ ኮረብታዎቹ ግን በጠዋቱ፣ ሰውነቱ ሳይዝል ወጥቶ፣ ሲመለስ ያለ ብዙ ጣር ይወርዳል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሌላ ስሌት አለው፤ ኮረብታው ላይ ክፉው ክፍል መመለሻው ስለሆነ፣ መኪና ወይም ሞተር ቢገኝ ለመውጫ ሳይሆን ለመውረጃ ነው የሚያስፈልገው። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ በሞተር ወጥቶ «መውረዱንስ በእግሬ እችለዋለሁ» ይላል።

ኮረብታው ላይ ከደረሱ በኋላ ሁሉን ድንጋይ መዞር ግዴታ አይደለም። ቱቱ ፈላ ላይ 300 ያህል ትክሎች አሉ፤ የሰው ፊትና አካል የተቀረጸባቸውን ጥቂቶቹን ተቀምጦ በደንብ ማየት ሁሉን እያነከሱ ከመዞር ይበልጣል። ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ሮዠ ዡሶም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቆፍሮ ከመቃብር ጋር መያያዛቸውን ያሳየው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የወጣ ጥናት ደግሞ ሳካሮ ሶዶ የተባለውን ሌላ የጌዴኦ ስፍራ ወደ መጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ወስዶ፣ ቀድሞ ከሚታሰበው በ1,000 ዓመት ገደማ አስረጅቶታል። መውጣቱ ፈጽሞ ለማይሆንለት ሰው ጢያ አለች። በቡታጅራ መንገድ በኩል የምትገኘውና እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ጢያ 36 ትክሎቿን የያዘችው ሜዳ ላይ ነው።

ስለ ከዘራ ትንሽ ልዘግይ፤ ከምንገዛቸው የሕክምና መሣሪያዎች ሁሉ እንደሱ ርካሽና እንደሱ በስህተት የሚያዝ የለም። ግራ ዳሌውን ወይም ግራ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከዘራውን በግራ እጁ ይይዛል፤ ተፈጥሯዊ ይመስላል፣ ነገር ግን ትክክል አይደለም። በአንድ እግር በቆምን ቁጥር ዳሌያችን ወዳልተደገፈው ጎን እንዳይወድቅ የዳሌ ጎን ጡንቻዎች ይስቡታል። ጡንቻዎቹ ለመገጣጠሚያው በጣም ቅርብ ስለሆኑ በኃይል መሳብ አለባቸው፤ መገጣጠሚያው የሰውነት ክብደትን እስከ ሦስት እጥፍ የሚሸከመው በዚህ ምክንያት ነው። ከዘራው ከሕመሙ ተቃራኒ በሆነው እጅ ሲያዝ ከመገጣጠሚያው ይርቃል፤ ርቀቱ ረጅም ስለሆነ በትንሽ ግፊት ብዙ ጫና ያነሳል። ቁመቱ እጅ ወደ ታች ሲለቀቅ እስከ አንጓ ድረስ መሆን አለበት። ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የታመመው፤ በሁለቱም ጊዜ ሰውነትን የማንሳትና የማውረድ ሥራ በደህናው እግር ላይ ይወድቃልና። ሁለት ምርኩዝ ደግሞ ከአንድ ይሻላል። ኦስትሪያዊው ሄርማን ሽቫመደርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩት፣ በሁለት በትር ቁልቁለት የወረዱ ሰዎች በጉልበታቸው ላይ የሚያርፈው ጫና ከ12 እስከ 25 በመቶ ቀንሶላቸዋል። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ሁለት በትር መያዝ የሚያፍር ካለ፣ በቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ተደግፈው ሌሊቱን ሙሉ የሚቆሙትን ካህናት ያስብ።

አፈሩንም ማወቅ ይገባል። የጌዴኦ ቀይ ሸክላ አፈር ሲደርቅ ጥሩ መርገጫ ነው፤ ሲረጥብ ውኃ በደቃቅ ቅንጣቶቹ መሀል ይገባና ሰበቃውን ይሰርቃል። በበልግም በክረምትም ዝናብ የሚያገኝ አካባቢ ስለሆነ፣ እግሩን ለማያምን ሰው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። የከዘራው ጫፍ ላይ ላስቲክ ይኑርበት፤ ጫማውም ጥርስ ያለው ይሁን። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፦ በእንዲህ ያለ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ የደጋ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታውን ከአፈሩ ጋር በማያያዝ በስፋት ጽፏል። ለጎብኚ የሚያሰጋ አይደለም፤ መንገዱን ዕድሜ ልኩን ለሚመላለስበት ገበሬ ግን ጫማ መድኃኒት ነው።

አቅምን አስቀድሞ መለካት ይቻላል። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የስድስት ደቂቃ የእርምጃ ፈተና ሰፈር ውስጥም ይሠራል፤ ሜዳ መንገድ ላይ ስድስት ደቂቃ በተቻለ መጠን ሄዶ ርቀቱን መያዝ ነው። ጤነኛ ጎልማሳ ከ400 እስከ 700 ሜትር ይሄዳል። 200 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ያለ ሐኪም ምክር ዳገት አይሞክር። መንገድ ላይ ደግሞ ወሬ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆርጡ መናገር ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል። ዕረፍት የሚወሰደው ሳይደክሙ ነው። ጡንቻ ለፈጣን ሥራ የሚያስቀምጠው የኃይል ክምችት በጤነኛ ሰው ግማሹ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ይመለሳል፤ ስለዚህ አጭርና ተደጋጋሚ ዕረፍት አንድ ጊዜ ተዝለፍልፎ ከመቀመጥ ብዙ ይጠቅማል። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም ከመጣ ግን ጉብኝቱ እዚያው ያበቃል፤ ቀጥሎ ያለው ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ከባሕር ጠረፍ ከተማ የመጣ ዘመድ ካለ፣ በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት እሱ ከለመደው አምስት እጅ አራቱ ያህል ብቻ መሆኑን ይወቅ፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀስ ይበል።

ከአዲስ አበባ ዲላ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወናጎንና ይርጋ ጨፌን አልፎ ፍስሐ ገነት ለሚደርስ ደግሞ ይጨምራል። ይህን ያህል ተቀምጦ የመጣ ጉልበት ይደርቃል፤ መገጣጠሚያን የሚያለሰልሰው ፈሳሽ የሚሠራው በእንቅስቃሴ ነውና። ከመኪና እንደወረዱ ዳገት መያዝ አይገባም። ፍስሐ ገነት ወደ ቡሌ ሆራ (በቀድሞ ስሟ ሀገረ ማርያም) በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የቡና ከተማ ስለሆነች፣ እዚያ አድሮ ጠዋት አስፋልቱ ዳር ጥቂት መንቀሳቀስ ጉልበቱን ያላቅቀዋል። ቡናውም እዚያው የበቀለ ነው።

ስፍራዎቹን የማልማት ሥራ ሲነሳ አንድ ሐሳብ ያስፈራኛል፤ ደረጃ። የሲሚንቶ ደረጃ የልማት ምልክት ስለሚመስል በየቅርሱ ይሠራል፤ ለታመመ ጉልበት ግን ከደረጃ የከፋ መውረጃ የለም፣ ተሽከርካሪ ወንበርንም ጨርሶ ይዘጋል። ሚኔቲ እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳሰላው፣ ተራራ ለሚወጣ ጤነኛ እግር የሚመቸው ተዳፋት 25 በመቶ ገደማ ነው፤ የተራራ መንገዶችም በአብዛኛው ወደዚያ ይጠጋሉ። ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ የሚፈቀደው ግን 1 ለ 12፣ ማለትም 8 በመቶ ገደማ ነው። በገበሬ ማሳ መሀል ያን ያህል የተንጣለለ መንገድ መቁረጥ ራሱን ቅርሱን ሊጎዳ ይችላል። እኔ ብጠየቅ የምመርጠው በየመቶ ሜትሩ መቀመጫ ነው፤ ጥቂት ግንድ ይበቃል። የጌዴኦ ሽማግሌዎች ሶንጎ ለሚባለው ሸንጓቸው የሚቀመጡት በዛፍ ጥላ ሥር አይደል? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 30 የባህል ቅርሶችን የማየት መብትን ይጨምራል፤ መብቱ በግንድም ይጀመራል።

ጨርሶ ለማይራመደው ሰው ደግሞ የሚቀርበት ከሚመስለው ያነሰ ነው። ዩኔስኮ የመዘገበው ድንጋዩን ብቻ አይደለም፤ መልክዓ ምድሩን ነው። በላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፤ በዚህ ቀጥ ባለ ተዳፋት ላይ አፈሩን አቅፎ ብዙ ሕዝብ የሚመግበው ይህ ድርብርብ እርሻ ነው፤ ጠበብቶቹም ይህን ያቆየውን የገበሬውን ዕውቀት ነው ያደነቁት። እሱን ለማየት አንድ እርምጃ አያስፈልግም። በይርጋ ጨፌና በፍስሐ ገነት መካከል መኪናውን ዳር አስይዞ መስኮቱን ዝቅ ማድረግ ይበቃል፤ ሾፌሩ የሚቆምበትን ቦታ ብቻ ይምረጥ፣ መታጠፊያዎቹ ላይ አይሱዙ ይበዛል።